የአሻንጉሊት ሠሪዋ ተራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን፣ እዚሁ ሮም ውስጥ ነው። ዓመት ሲሞላ ንዴት ይበርዳል ይላሉ። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷ እኔ ራሴ ባልሆን ኖሮ ታሪኩን ገና ድሮ ለሰው አውርቼ እገላገለው ነበር። ራስን የሚነካ ነገር ግን በወሬ አይወጣም።

ጥቅምት ሃያ አንድ የማርያም ዕለት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሃሎዊን ቀን ይሆናል። ሁለቱን ያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያ እንጂ የማንም ሴራ አይደለም። እኛ ማኅበር ውስጥ ግን ሴራ ነው ብለው የሚምሉ አሉ።

ስለ ሃሎዊን ያለኝን አቋም አስቀድሜ ልናገር፤ ምንም አቋም የለኝም። ጣሊያን ጎረቤቶቼ ከአሜሪካ የመጣ ኮተት ነው እያሉ ያማርራሉ፤ ልጆቻቸውን ግን ጥቁር አልብሰው በር ለበር ከረሜላ ያስለምናሉ። የእኛ ሰዎች ደግሞ የሰይጣን በዓል ነው ይላሉ፤ ልጆቻቸው ይዘው የመጡትን ከረሜላ ሲጥሉ ግን አይቼ አላውቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ የቅዱሳንን አጽም በመስታወት ሣጥን አስተኝታ የምታስጎበኝ ከተማ በላስቲክ አጽም ስትደነግጥ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ቀልድ ነው።

ማኅበራችን የማርያም ጽዋ ማኅበር ነው። አሥራ ስምንት ሴቶች ነን። አብዛኞቹ በጣሊያኖች ቤት ያጸዳሉ፣ ያበስላሉ፣ አሮጊትና ሽማግሌ ይጠብቃሉ። እኔ ከዓለም አቀፎቹ የምግብ ድርጅቶች በአንዱ ውስጥ ሌሎች የጻፉትን ሪፖርት አርማለሁ። ስለ ረሃብ በተጻፈ ዐረፍተ ነገር ላይ ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ ደሞዝ እበላለሁ ማለት ነው። ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ለመጽደቅ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የገባሁት ለዳቦውና ለክርክሩ ነው።

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሮም ሃያ አራት ዓመት ኖራለች፤ ሃያ አራቱንም ዓመት አዳሪ ሠራተኛ ሆና በሰው ቤት። አዳሪ ሠራተኛ አልጋ አላት፣ የራሷ በር ግን የላትም። የራሷ በር የሌላት ሴት ደግሞ ጽዋ ተቀብላ ማኅበርተኛ መጥራት አትችልም። በማኅበሩ አሥራ ሁለት ዓመት ስትኖር የሁላችንንም ቤት አዳርሳለች፤ ወጣችንን አማስላለች፣ ዕቃችንን አጥባለች። አንድም ቀን ግን "ቤቴ ኑ" ብላ አታውቅም።

በጥር ወር አሠሪዋ አሮጊት ሞቱ። ልጆቻቸው ቤቱን ለሽያጭ አወጡት፤ ለአስካለ የእናታቸውን የስፌት መኪናና ሦስት ከረጢት ቁራጭ ጨርቅ ሰጧት። በዚያ ዕድሜ አዳሪ አድርጎ የሚቀጥር ስለሌለ፣ ሁላችንም "አሁን ምን ይውጣት ይሆን?" እያልን ማዘን ጀመርን። ማዘን አይከብደንም።

እሷ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። ባርኔጣ የደፋች ጠንቋይ፣ ነጭ ጨርቅ የተከናነበ መንፈስ፣ ጥርሱ የወላለቀ ዱባ፣ በክር ተንጠልጥሎ በር ላይ የሚሰቀል የሌሊት ወፍ። ቀደም ብሎ ለአሠሪዋ የልጅ ልጆች አንዲት ጠንቋይ ሠርታላቸው ነበር። ያችን ጠንቋይ ሰፈሩ ውስጥ ደብተርና እርሳስ የምትሸጥ ጣሊያናዊት አይታት ኖሮ፣ በበጋው አስካለን አፈላልጋ ለሱቋ መስኮት አርባ ጠንቋይ አዘዘቻት። ሌሎች ሁለት ሱቆች ተከተሉ። እሑድ እሑድም የእጅ ሥራ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ራሷ መሸጥ ጀመረች።

የእሷን አሻንጉሊቶች ከፋብሪካዎቹ የሚለያቸው ፊታቸው ነው። ገላቸው ጨርቅ ነው፤ ጭንቅላታቸው ግን ጭቃ። እሳት ሳይነካው በአየር የሚደርቅ ጭቃ ከሥዕል ዕቃ መደብር ትገዛለች። በመዳፏ ታድበለብለዋለች፤ በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ ጫን ታደርገውና ዐይን ይሆናል፤ ቆንጠጥ ታደርገውና አፍንጫ ይወጣዋል። ጠንከር ሲል ደግሞ አንዲት ለስላሳ ጠጠር አለቻት፤ እጇን ዘይት ታስነካና በዚያች ጠጠር ፊቱን ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፣ እንደተወለወለ ጫማ እስኪያበራ ድረስ። አንዱ ጠንቋይ ቁርጥ የሰፈሯን ፖስተኛ ነው። አንዷ ደግሞ እኔን ትመስላለች። ለምን እንዲህ አስቀያሚ አደረግሽኝ ስላት "ስትከራከሪ ነው" አለችኝ። ገዛኋት።

በዚህ ሥራ ነው ሮማኒና በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ከነማብሰያው የተከራየችው። መስከረም ሃያ አንድ ማኅበር ላይ "ቀጣዩን ማን ይቀበላል?" ሲባል እጇን አወጣች።

"ለእኔ ስጡኝ። አሁን በር አለኝ" አለች።

እልል አልንላት። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ዘነበች ራሳቸው ናቸው ጽዋውን ተሳልመው ያስረከቧት። እኔና አስካለ አብረን ሜትሮ ገባን። የሸክላውን ጽዋ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር፤ ሰው ሲገፋ በክርኗ ትከላከልለታለች። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ተሸክማ እንደምትሄድ ማንም የሮም ተሳፋሪ አላወቀም።

ወይዘሮ ዘነበች ሰባ ሊሞላቸው ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላትን ስንቷን ልጅ ቤታቸው አሳድረዋል፣ ስንቷን ሥራ አስገብተዋል። እሳቸውና አስካለ የአንድ አካባቢ ሰዎች፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው።

በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የአስካለ ክፍል ስንት ወንበር እንደሚይዝ ለማየት መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ለእሑዱ ገበያ የምትሰቅለውን ማስታወቂያ በጣሊያንኛ እየጻፍኩላት። መስኮቱ ላይ ሠላሳ ያህል የጭቃ ጭንቅላት ያለ ገላ ተደርድሮ ይደርቃል።

"አንቺ አስካለ፣ ይህን ሁሉ አንገት የቀላሽው በየትኛው ጦርነት ነው?" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ሳቅን።

ከዚያ ተቀመጡና እጇን ማየት ጀመሩ። አስካለ በጠጠሯ አንድ ፊት እያሸች ነበር። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ይህን ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቋት። "እናቴ" አለች፣ ቀና ሳትል። እናትሽ አሻንጉሊት ትሠራ ነበር ወይ አሏት። አስካለ ሳቀች። "ኧረ ማሰሮና ድስት ነው። አሻንጉሊት ማን ይገዛታል?"

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ምን እንደነበር አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ። ወይዘሮ ዘነበች የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም። የጽጌ ጾም ላይ ነኝ አሉ። ሻዩ ወተት የለበትም፤ ሰዓቱም ከአሥራ አንድ አልፎ ነበር። ማየቱን አየሁ፤ ግን አላሰብኩበትም። ተመልሼ ማስታወቂያዬን ማረም ቀጠልኩ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። ትዕግስት የምትባል ወጣት ማኅበርተኛ አለች። አንድ እሑድ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ገበያው ጋ ስታልፍ አስካለ ለልጁ አንድ ትንሽ የሌሊት ወፍ ሰጠችው። በሳምንቱ ልጁን አተኮሰው። ሐኪሙ ጆሮው ውስጥ ቁስለት አለ ብሎ መድኃኒት አዘዘለት፤ በአራት ቀን ድኖ መሮጥ ጀመረ። የሌሊት ወፉ ግን ያን ጊዜ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነበር።

ማኅበሩ አምስት ቀን ሲቀረው በስልካችን መልእክት ደረሰን። "በእህታችን በአስካለ ቤት ጥበት ምክንያት የጥቅምት ማርያም በወይዘሮ ዘነበች ቤት ይሆናል። በረከቷ ይደርብን።" ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን ይላል። አንዲት እንኳ "ለምን?" ብላ የጠየቀች የለችም።

እኔ ነገሩ የሃሎዊን ጣጣ መሰለኝ። ጠንቋይ እየሠራች ጽዋ እንዴት ታወጣለች ብለው ነው አልኩ። ደሜ ፈላ። ክርክሬን አዘጋጀሁ፤ ማስረጃ ሰበሰብኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ለቄሳችን ነው። ወጣት ናቸው፤ አሻንጉሊቱን ያወግዙታል፣ እኔም በዚያ በኩል እገባለሁ ብዬ ነበር። ጨርቅ ነው፣ ልጆች ይጫወቱበት፣ እናንተ ሐሜቱን ተዉ አሉኝ። ከቄስ ጋር ለመጣላት ተሰናድቶ መስማማት እንዴት እንደሚያበሽቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ለወይዘሮ ዘነበች ደወልኩ። ስለ አሻንጉሊቱ ሳነሳባቸው ገረማቸው። የልጅ ጨዋታ ነው አሉኝ። ቤቱም ቢሆን አይጠብም፤ አይተውታል። ታዲያ ምንድን ነው ስላቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ማንም ሳይኖር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰብለ፣ አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። እጇን አላየሽም? የጠይብ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ወድጃታለሁ፤ አሁንም አልጠላትም። ግን ከእጇ እንዴት ብዬ ልጉረስ?"

እዚህ ሮም ተወልዶ ቃሉን የማያውቅ ወጣት ይህን ካነበበ ልንገረው። በአገራችን ጭቃ የሚያቦካ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ጠይብ ተብሏል። ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ያማረ ነገር ካየ በዐይኑ ይበላል፣ ሕፃን ካደነቀ ሕፃኑ ይታመማል ተብሎ ተፈርቷል። የሠራውን ድስት ገዝተን እንቀቅልበታለን፤ ሠሪውን ከደጅ አናሳልፈውም። በቀጠቀጠው ማረሻ አርሰን እንበላለን፤ ቀጥቃጩን ከገበታችን አናስቀምጠውም። ከመካከላችን በእጁ ነገር መፍጠር የሚችለውን ለይተን ስንሰድብ ኖረን፣ ለምን ደሃ ሆንን ብለን ስብሰባ እንቀመጣለን። የስብሰባውን ሪፖርት እኔ አርማለሁ።

ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ዘነበች ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። በመጨረሻ ትልቁን ጥይቴን ተኮስኩ። ጽዋውስ፣ አልኳቸው፤ ጽዋው ሸክላ አይደለም? ማን የሠራው ይመስልዎታል፣ መልአክ?

"እሱ ተባርኳል" አሉኝ። ለማሰብ እንኳ አልዘገዩም።

ቀጥለው ደግሞ፣ "ብዙ አንብበሻል፣ ይህን አልክድሽም። እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ የልጅ ልጅሽን ታስታቅፊያታለሽ?" አሉ።

"ነገ ካሉኝ ነገ።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስለዚህ ልጄን ሊዲያንና የስድስት ወሩን ናታንን ይዤ ጥቅምት ሃያ አንድ አስካለ ቤት ሄድኩ። ይህን ያደረግሁት ለአስካለ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። ያደረግሁት ክርክሩን ለማሸነፍ ነው። ለሊዲያ ምንም አልነገርኳትም። ለአስካለም የተነገራት የቤቱ ጥበት ብቻ ነበር፤ "እውነት ነው፣ ይጠባል" ብላ ነበር የመለሰችልኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ በሰው ቤት የሚሠሩት ግማሽ ቀን የሚያርፉበት። ሜትሮው ውስጥ ፊቱን አጽም አስመስሎ የተቀባ ተማሪ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንቀላፋል። ናታን በጣም ወደደው።

በሩን ከፍታ ስታስገባን ቆምኩ። አሥራ ስምንት ወንበር ተደርድሯል። ከጎረቤት የተለመነ፣ ከላስቲክም ከእንጨትም፣ አንዱ የሕፃን መኪና ወንበር። ጠረጴዛው ላይ ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፤ በእንስራ ፈንታ በትልቅ ማሰሮ ብርዝ። መሐል ላይ ጽዋው ጨርቁን ለብሶ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ አንድም ጭንቅላት የለም፤ ማኅበርተኞቹን እንዳያስከፋ ብላ ጠንቋዮቹን ሁሉ በካርቶን አድርጋ አልጋው ሥር ከታቸዋለች።

"ሀሳባቸውን ከቀየሩ ብዬ ነው" አለች፣ ወንበሮቹን ሳይ አይታኝ።

ሊዲያ ናታንን ሰጠቻት። አስካለ እጇን ልብሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለችው። እኔ ስልኬን አወጣሁ። አዎ፣ ስልኬን። ፎቶ አንስቼ ለማኅበሩ ልልከው ነበር፤ ከሥሩ የምጽፈውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። ናታን በሁለት እጁ ጉንጯን ያዘና ሳቀላት። እሷም ፊቷ በራ።

"ወይኔ ሲያምር! ዐይኑን እዩት፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው እናንተ!"

"እትፍ እትፍ በይበት" አልኩ።

ይህን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሕፃን ላደነቀ ሁሉ፣ ሊፍት ውስጥ ላገኘሁት ሰው እንኳ በልቤ እለዋለሁ። ልማድ ነው፣ ትርጉም የለውም ብዬ ልከራከርላችሁ እችላለሁ፤ ማስረጃም አላጣም። ግን በዚያ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ ለዚያች ሴት የሚባል ቃል አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያነበብኩትን ሁሉ አፌ አላማከረውም።

የአስካለ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ቦታው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ነበር። ልጁን በጥንቃቄ ለእናቱ መለሰችላት። እትፍም አላለችበትም፣ አልሳመችውም።

"ዘነበች ነግረውሻል" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

መቀባጠር ጀመርኩ። እኔ እንደማላምንበት፣ ስለ እሷ ስንት እንደተከራከርኩ፣ ለቄሱ ሳይቀር እንደደወልኩ። በእጇ ተይ አለችኝ። ተቀመጠች፤ ከአሥራ ስምንቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ።

"እናቴ የሰው ልጅ አታድንቁ፣ የሰው ላም አታድንቁ፣ የሰው ቅቤ አታድንቁ እያለች ነው ያሳደገችን" አለች። "ያማረ ነገር ሲያልፍ መሬት መሬት ነው የምናየው። ስልሳ አንድ ዓመት ጠብቄው ኖርኩ። ዛሬ በበሬ ሰው ገባልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ረሳሁት።"

ሊዲያ ምን ተፈጠረ ብላ በጣሊያንኛ ጠየቀችኝ። አልመለስኩላትም። ቃሉን በጣሊያንኛ ባገኘው እንኳ በየት በኩል ጀምሬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር።

አስካለ ተነሥታ ሳህን አወጣች። ብሉ አለችን። እኔ በላሁ። አንድ ጊዜ ጨርሼ ጨመርኩ፤ እሱንም ጨርሼ ደገምኩ። ርቦኝ አልነበረም። በአፌ ያበላሸሁትን በአፌ ላስተካክል ነበር መሰለኝ። ሦስተኛውን ስነሣ አስካለ ሳህኔን ያዘችው።

"ሰብለ ተዪ፤ ሆድሽን ያምሽና በእኔ ይሳበባል።"

ሊዲያ ሳይገባት ሳቀች። አስካለም ሳቀች፣ ከልቧ። መሳቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘነበች ደወሉልኝ። ሁሉም ተሰብስቧል፤ ጽዋው ግን አስካለ ጋ ነው፣ አንቺ እዚያ ካለሽ ይዘሽልን ነይ አሉኝ። በትሕትና ነው የተናገሩት። የማንም ተላላኪ አይደለሁም አልኩና ዘጋሁት። ይህን ሳደርግ ትንሽ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ትዕግስትን ላኳት።

ትዕግስት ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ልጇን አላመጣችም። ዐይኗ ከወንበሮቹ ወደ ምግቡ፣ ከምግቡ ወደ እኔ ሄደ፤ አስካለ ላይ ግን አላረፈም።

"ልጁ ዳነ?" አለቻት አስካለ።

"ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጆሮ ክፉ ነው። ብርድ አታስመቺው። ግቢ እንጂ።"

"እየጠበቁኝ ነው፣ እትዬ።"

አስካለ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ጨርቁን ገለጥ አደረገች፣ ጽዋውን ተሳለመችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። እሱን ማየት አልቻልኩም፤ እጇን አየሁ። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበረበት።

"ጠዋት በደንብ አጥቤዋለሁ" አለቻት ስታስረክባት። "እነሱም ይጠቡት። ቅር አይለኝም በያቸው።"

ትዕግስት ተቀበለች። ጨርቁን በጣቶቿ ጫፍ ነበር የያዘችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜትሮው ላይ ለሊዲያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠይብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሻዩ፣ ስልኩ፣ ለምን ልጇን እንደወሰድኩት። ናታንን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ፌርማታችን ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ፤ "ፎቶውን አነሣሽው?" አላነሣሁትም አልኳት። "ጥሩ" ብላ ወረደች። ለሁለት ሳምንት አልደወለችልኝም።

ከማኅበሩ አልወጣሁም። ብወጣ ደስ ይላቸዋል። በኅዳሩ ማኅበር ተነሥቼ የምናገረውን ሁሉ ተናገርኩ፤ የራሴንም አልደበቅሁም። ወይዘሮ ዘነበች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ሲያበቃ ደግሞ አገላብጠው ሳሙኝ። ምንም አልተለወጠም። በጥር ተራዬ ደርሶ ጽዋው ወደ እኔ ሲመጣ ከአስካለ በፊት አልቀበልም አልኩ። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። አሁን በየወሩ አነሣዋለሁ፤ በየወሩም ዳቦው ይቆረስና ወሬው ይቀየራል። የአስካለ ጠበቃ ይሉኛል። የማላሸንፈውን ነገር ስከራከር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድሮ እንዲህ ያለውን አልጀምረውም ነበር።

አስካለ አልተመለሰችም። አንድ ቀን ስለዚህ ሳወራት "እኔን ለክርክርሽ ማገዶ አታድርጊኝ" አለችኝ። ስለዚህ ማኅበሩ ላይ ስሟን መጥራት ትቻለሁ። ንዴቴን ግን የምተውበት ምክንያት አላገኘሁም። ይህ ሁሉ የሆነው በድሮ ዘመን፣ በሩቅ ገጠር አይደለም። ሁላችንም ስልክ ያለን፣ የኤሌክትሪክ ሂሳብ የምንከፍል፣ ጣሊያኖች ሲንቁን ወዲያው የምናውቅ ሴቶች ነን። ጣሊያናዊቷ ከአስካለ እጅ ተቀብላ መስኮቷ ላይ ሰቀለችው። እኛ በጣታችን ጫፍ ያዝነው።

ዘንድሮ ሱቆቹ ከአምናው እጥፍ አዘዋታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ናታንን ይዤ እሄዳለሁ። ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣም። ልጁ ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ቤቱ የእሱ ነው። ከመስኮቱ ላይ ጭንቅላት አንሥቶ አፍንጫውን ይነክሳል፤ እሷ ደግሞ ሌላ ትሠራለች። ጭቃ ቆርሳ ትሰጠዋለች፣ ጭኗ ላይ ያንቀላፋል፣ ስሟን ከእኔ ስም ቀድሞ ነው የጠራው። ስለ እሱ ግን አንድም ጥሩ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሲስቅ፣ ሲሮጥ፣ ያችን ግማሿ ጣሊያንኛ የሆነች አማርኛውን ሲያወራ እኔና ሊዲያ እያደነቅነው በሳቅ እንፈርሳለን፤ እሷ ጠጠሯን ታነሣለች።

ባለፈው ሐሙስ ከጭቃ አንድ ድብልብል ነገር ሠርቶ ወሰደላት። በሁለት እጁ ነበር ያቀረበላት። አገላብጣ አየችው።

"አፍንጫ የለውም" አለችው።

መሬት መሬት እያየች ነበር። ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ያስታወስኳት ግን እኔ ነኝ።